የጠፋችው «ለ»

ሥራዬ ካርድ መጻፍ ነው፣ ኮምቦልቻ፣ ጤና ጣቢያ፣
የመስኮቴ ስፋት ክንድ፣ የወረፋው ጫፍ እስከ ገበያ።
ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ፣ «ምንዎን ነው የሚያምዎት?»
ሆዴን ላለ «ሆድ» እላለሁ፣ ራሴን ላለ «ራስ ምታት»።
ስድስት ቃል ነው ያለኝ፤ ለመቶ ሰው ይበቃል፣
የቀረውን ሐኪሙ ይወቀው፤ ደግሞም ያውቃል።

አንድ ሰኞ ረፋድ፣ ከሌሊት ፈረቃ የወጣች፣
የጥጥ ብናኝ ሻሿ ላይ እንደ ጤዛ ያዘለች፣
ጦይባ ይመር መጣች።
«ምን ልበል?» አልኳት።
«ዛልኩ በል» አለች።

ያው «ድካም» ብዬ ጻፍኩ። መስኮቱን በጣቷ መታች።
«ድካም አይደለም ልጄ፤ ሰርዘው።
ድካምማ ምክንያት አለው፣
ጤፍ ተሸክሞ ሐረጎን የወጣ ይደክመዋል፣
ጋደም ካለ ይለቀዋል።
እኔ ስነቃ እሱ ቀድሞኝ ተነሥቶ ይጠብቀኛል፣
ነጠላዬን ያቀብለኛል።»

«የደም ማነስ ይሆን?»
«ደሜ ሙሉ ነው፤ ደሴ ወጥቼ ለኩት።»
«ሐዘን?»
«ሐዘንን አውቀዋለሁ፣
ወንድሜን እንድሪስን ስቀብር እንደ ሰው አልቅሻለሁ።
ስንፍና ካልክ ደግሞ እንጣላለን!

እንድሪስ ሹፌር ነበር፤ ኤንትሬ ነበር የሚነዳ።
አንድ ሌሊት ሐረጎ ላይ፣ ጉም ከጦሳ ሲወርድ፣
ሞተሩ ይጮኻል፣ ጭሱ ይትጎለጎላል፣
ነዳጁ ሙሉ ነው፣
መኪናው ግን ቆሟል።
‹ፍሪሲዮኑ ተበልቶ ነው› አለኝ፣
‹ሞተሩ ምንም አልሆነ፤ ጉልበቱ ጎማው ጋ አልደርስ አለ።›
እንደዚያ ነኝ። ገባህ?»

«አልገባኝም።»

«እንግዲያ በክር ልንገርህ።
የተበጠሰ ክር መብራት ያበራል፣ ማሽኑን ያቆማል፣
ሮጬ እቋጥረዋለሁ፤ ዓይኔን ብጨፍን እጄ ያውቀዋል።
የላላ ክር ግን አይበጠስ፣ አይከርር፣ መብራት አያበራ፣
ቦቢናው ላይ ይጠመጠማል ከደህናው ጋራ።
ማንም አያየውም፣
ጨርቅ ሆኖ፣ ተሰፍቶ፣ ሰው እስኪለብሰው ድረስ።»

ከኋላዋ ወረፋው አጉረመረመ።
ድካምን ሰረዝኩ። ከጎኑ «ዛለች» ብዬ ጻፍኩ።

ሐኪሙ ዘንድሮ የተመደበ ችኩል ልጅ ነው፤
ካርዱን እያውለበለበ መጣ፦
«ከምን ላይ ነው የዘለለችው? ራጅ ልዘዝላት?»
«ዘለለች አይደለም፤ ዛለች ነው።»
«ምን ለየው?»
«አንዲት ‹ለ›።»

ሳቀና ሄደ።
እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ያቺን «ለ» እፈልጋለሁ።
ዘለለ ሲባል ሁለት ናቸው፣
አንዷ ለመነሣት፣ አንዷ ለማረፍ።
ዛለ ሲባል አንዷ የለችም፣
«ዘ»ም ብቻዋን አንድ እግሯን ጎትታ «ዛ» ሆናለች፣
ማዛጋት መሐል ያለችው፣ አፏን የከፈተች።
በስንተኛው ዓመት፣ በየትኛው ማሽን ሥር ወደቀች?
ከብናኙ ጋር ተጠርጋ ይሆን?
ወይስ ቦርከና ወሰዳት፣ ክረምት፣ ማንም ሳያይ?

ጦይባ ቫይታሚኗን በፌስታል ይዛ ወጣች።
«አብሽሪ» አልኳት፣ ሌላ ምን እላለሁ።
«አብሽርማ ለሐዘን ነው» አለች፣
«ለዚህኛው ገና ቃል አልወጣለትም።»

በሩ ላይ ልጆች ገመድ ይዘላሉ።
ቆማ አየች።
ገመዱ መሬቱን መታ፤ ደግሞ መታ፤ ደግሞ።
ዘለለች አልልም፤
ያልሆነ ነገር ካርድ ላይ ጽፌ አላውቅም።
ብቻ ተረከዟ ከነጠላ ጫማዋ ትንሽ፣
የአንዲት «ለ» ቁመት ያህል፣
ተነሣና ተመለሰ።

«ዛሬም የሌሊት ነኝ» አለችኝ ዞር ብላ።
ባጃጅ አስቆመች፤ በዋጋ ተከራከረች፤ ገባች።

«ቀጣይ!» አልኩ።